ቺፑ ስንት ኬላ ያልፋል?

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎችና የኮምፒውተር ጠጋኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከተቀዳው ድምፅ ስገለብጠው መደጋገሙን ቀንሻለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም ጥቂቱን አስገብቻለሁ።

እንዴት ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፤ እዚህ ጋ ሦስት ወንበር አለ።

ከአንድ አባት ልጀምር። ፒያሳ ያለችውን ሱቄን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። እኒያ አባት መጡና ለልጃቸው ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋ ጠየቁኝ። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ነገርኳቸው። «እሽ» ብለው ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት ብሩን በመሀረብ ቋጥረው ተመለሱ። ዋጋው ጨምሯል። መሀረቡን እንደያዙ ትንሽ ዝም አሉና «ይኸም የትራምፕ ቀረጥ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ» ልላቸው ነበር። ለነጋዴ እንዴት ያለ ምቹ መልስ ነው! ጥፋተኛው ውቅያኖስ ማዶ ነው፤ መጥቶ አይከራከርህም። ግን እውነት አልነበረም። ሙሉ ውሸትም አልነበረም። ያን ቀን በሁለት ቃል ልመልስላቸው አልቻልኩም። ዛሬ እናንተን ይዤ ያንን መልስ ልፈልገው ነው።

መጀመሪያ ይችን ላፕቶፕ እንክፈታት። አትዘኑላት፤ ማዘርቦርዷ ከተቃጠለ ቆይቷል። ካቻቪቴ ይዣለሁ። ፊት ያለኸው ልጅ፣ ከታች ያለውን ስቲከር አንብብልን። ቻይና ተገጣጠመ ይላል አይደል? አሁን ሆዷን እንይ። ሃርድ ዲስኩ፣ ታይላንድ። ራሙ ላይ ያሉት ቺፖች፣ ኮሪያ። ባትሪው ሴሉ ጃፓን፣ ማሸጊያው ቻይና። ፕሮሰሰሩ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ በስልካችሁ ካሜራ አጉሉት። ማሌዥያ።

ይህች «ማሌዥያ» የምትለዋ ራሷ የእውነቱን ጭራ ብቻ ነው የምትናገረው። ማሌዥያ ውስጥ የሚሠራው የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ቺፑን ቆርጦ ማሸግና መፈተሽ። ኢንቴል ፔናንግ ላይ ይህን ሥራ የጀመረው በ1972 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ ካልሆነ ሁላችንም እንደናበራለን።) ቺፑ ራሱ የሚቀረጸው ሌላ አገር ነው። ዛሬ አሉ ከሚባሉት ቺፖች አብዛኞቹ ታይዋን ውስጥ ቲኤስኤምሲ የሚባል ኩባንያ ጋ ይሠራሉ። ቲኤስኤምሲ ደግሞ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል ማሽን ከሌለው እነዚያን ቺፖች መሥራት አይችልም። የዚያ ማሽን መስታወት የሚመጣው ከጀርመኑ ዛይስ ነው። ቺፑ የሚቀረጽበት የሲሊከን ገበታ ብዙ ጊዜ ከጃፓን ነው። ስቲከሩ ግን «ቻይና» ብሎ ዝም።

እናንተ የጎንደር ልጆች ናችሁ፤ ኬላ ምን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። በነገሥታቱ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከምጽዋ ተነስቶ እዚህ እስኪደርስ በየበሩ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ቀረጡን የሚሰበስቡት ነጋድራሶቻችን ነበሩ። አሞሌ ጨውን አስቡት። አፋር በረሃ ላይ ርካሽ ነው። እየራቀ በሄደ ቁጥር በአንድ ጠገራ ብር የምታገኙት አሞሌ ቁጥሩ ይቀንሳል። ጨው ያው ጨው ነው። የጨመረው በቅሎው፣ መንገዱ፣ ሽፍታውና ኬላው ነው።

ቺፕም አሞሌ ነው። አንድ ልዩነት ብቻ አለው። አሞሌ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ቺፕ ግን ድንበር ተሻግሮ ይታሸጋል፣ ተመልሶ ይሻገርና ማዘርቦርድ ላይ ይበየዳል፣ እንደገና ተሻግሮ ላፕቶፕ ይሆናል። በየመሻገሪያው ቀረጥ ቢከፍል ማን ይገዛዋል? አገሮች በ1996 ሲንጋፖር ላይ በኮምፒውተርና በቺፕ ላይ ያለውን ቀረጥ ለማንሳት የተስማሙት ለዚህ ነው። ሲጀምሩ 29 ነበሩ፤ በኋላ በዙ። እኛ የለንበትም። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ራሱ ያመለከትነው በ2003 ነው። ብቻ የዛሬው የኮምፒውተር ኢንዱስትሪ እንዲህ በየአገሩ ተበትኖ የተዋቀረው በዚያ ቀረጥ በተነሳበት ዘመን ነው። ፋብሪካው የት ይተከል የሚለውን ሲወስኑ ኬላን የሚቆጥር አልነበረም።

አሁን አንድ የድሮ ታሪክ ልንገራችሁ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ ሱቄ የሚመጣ ሁሉ ሰልችቶታል።

1991 ነው። አሜሪካ ውስጥ ጠፍጣፋ ስክሪን የሚሠሩ ጥቂት ትናንሽ ኩባንያዎች ነበሩ። «የጃፓን ስክሪን ያለ ዋጋው ረክሶ እየገባ ሊገድለን ነው» ብለው አቤት አሉ። መንግሥት ሰማቸው። አክቲቭ ማትሪክስ በሚባለው የጃፓን ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ 62.67 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። ልብ በሉ፤ የተጣለው ስክሪኑ ላይ ነው። ስክሪኑ ተገጥሞለት በሚገባው ላፕቶፕ ላይ አይደለም። እናንተ የላፕቶፕ ፋብሪካ ባለቤት ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

(ከመሀል አንዱ «ውጭ ገጥሜ አስገባዋለሁ» አለ።)

ይኸው! ነጋዴ ማለት አንተ ነህ። እነሱም ያደረጉት እንደዚያው ነው። ስክሪኑን አሜሪካ አስገብቶ ከመገጠም፣ ላፕቶፑን ውጭ ገጥሞ ማስገባት ረከሰ። የላፕቶፕ መገጣጠም ሥራቸውን ከአገር አወጡት። በ1993 ቀረጡ ተነሳ። አሜሪካም የስክሪን አገር አልሆነች። ጥቂት ስክሪን ሠሪዎችን ለማዳን የወጣ ቀረጥ የሌሎቹን ሥራ ሸኘ።

ቀረጥ ዕቃን ያቆማል ብሎ የሚያስብ ሰው ውኃ ሲገደብ አይቶ አያውቅም። ዕቃው መንገድ ይቀይራል። የሚቀይረው መንገድ ደግሞ ሕግ አውጪው ያላሰበው ነው።

በ2018 ያው ነገር በሌላ ልብስ መጣ። አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ በዙር በዙር ቀረጥ ጣለች። በሴፕቴምበር የመጣው ሦስተኛው ዙር 200 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ላይ 10 በመቶ ጨመረ፤ በሜይ 2019 ወደ 25 ከፍ አለ። ማዘርቦርድ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ኬዝ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ያለቀለት ላፕቶፕ ግን የለበትም። የላፕቶፕና የስልኩ ዙር መጀመሪያ ለገና ገበያ ሲባል ወደ ዲሴምበር ተገፋ፤ ዲሴምበር ሲደርስ ከቻይና ጋር ስምምነት ተደረሰና ቀረ። ስለዚህ መኝታ ቤቱ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን በእጁ የሚገጥም የአሜሪካ ጎረምሳ ቀረጥ ከፈለ። የቻይና ፋብሪካ የገጠመውን ላፕቶፕ የገዛው አልከፈለም። አገር ውስጥ ይገጠም የሚል መንግሥት አገር ውስጥ የሚገጥመውን ቀጣ። ኋላ ለአንዳንዱ ዕቃ ለተወሰነ ጊዜ ነፃ መብት ይሰጣል፣ ያበቃል፣ ይታደሳል። የታይዋን ኩባንያዎችም ቻይና ከነበራቸው ምርት የተወሰነውን ወደ አገራቸው መለሱ።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ዕቃው ጉምሩክ ላይ የሚመደብበት ኮድ ነው። ትራንዚተሮች ካላችሁ ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተሩ 8471፣ መለዋወጫው 8473። ሃርድ ዲስክ 8471 ውስጥ ነው፤ ፈጣኑ ማከማቻ ኤስኤስዲ ግን 8523 ነው። ሥራቸው አንድ ነው፣ ኬላው ላይ ሲደርሱ ግን ዘመድ አይደሉም። እኔ አንድ ካርቶን ኤስኤስዲ በኮዱ ሳንስማማ 11 ቀን ቆሞብኛል። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ነገም የማልፈው በዚያው ነው።

ወደ 2025 እንምጣ። ኤፕሪል 2 ቀን ትራምፕ የቀረጥ ሰሌዳ ይዘው ወጡ። ቬትናም 46 በመቶ። ታይላንድ 36። ታይዋን 32። ከቻይና የሸሹት አምራቾች የሄዱት ወዴት ነበር? ወደነዚሁ! ከድጡ ወደ ማጡ። በሳምንቱ የነዚህ አገሮች ቀረጥ ለ90 ቀን ወደ 10 በመቶ ወረደ፤ የቻይናው ግን 145 ገባ። ኤፕሪል 11 ማታ ኮምፒውተር፣ ስልክና ቺፕ ከአብዛኛው ጭማሪ ነፃ ተባሉ። ሜይ 12 የቻይናው ጭማሪ ወደ 30 እንዲወርድ ተስማሙ።

ከኤፕሪል 2 እስከ ኤፕሪል 11 ዘጠኝ ቀን ነው። መርከብ ከቻይና ተነስቶ የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ለመድረስ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ሕጉ ከመርከቡ ፈጠነ። ካፒቴኑ ከወደብ ሲነሳ የነበረው ቀረጥ ሌላ፣ ባሕር መሀል ሌላ፣ ሲደርስ ሌላ።

ፍሬምወርክ የሚባል ኩባንያ አለ። ተጠቃሚው ራሱ እየፈታ የሚጠግነው ላፕቶፕ ነው የሚሠራው፤ ጠጋኝ ስለሆንኩ አደንቀዋለሁ። በዚያ ሰሞን አሜሪካ ውስጥ በጣም ርካሾቹን ሞዴሎች መሸጥ ለጊዜው አቆመ። ለምን ርካሾቹን? ትርፋቸው ስስ ነዋ። ውዱ ላፕቶፕ 10 በመቶ ሲጨመርበት ያቃስታል። ርካሹ ይሞታል። እኛ ደግሞ የርካሹ ገበያ ነን።

የኔ አቋም ይኼ ነው። 25 በመቶ ቀረጥ ይዞ መነገድ ይቻላል። ዋጋህ ውስጥ ታስገባዋለህ፣ ደንበኛህ ይለምደዋል። ነገ ስንት እንደሚሆን የማይታወቅ 10 በመቶ ይዞ ግን መነገድ አይቻልም። አስመጪው ይፈራል፤ ሲፈራ መጋዘን ይሞላል ወይም ጭራሽ አያዝም። ፋብሪካ ሊተክል የነበረውም እጁን ያጥፋል። ቺፕ ፋብሪካ በቢሊዮን ዶላር ተሠርቶ ዓመታት ይፈጃል፤ በዘጠኝ ቀን የሚቀየር ሕግ ላይ ማን መሠረት ይጥላል?

«ይህ ሁሉ የአሜሪካ ኬላ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ፒያሳ የሚሸጥ ላፕቶፕ ለአሜሪካ ጉምሩክ ሳንቲም አይከፍልም። ቀረጡን የሚከፍለው የዚያው አገር አስመጪ ነው፤ በ2018ቱ ቀረጥ ላይ የተሠሩት ጥናቶችም ጫናው ባብዛኛው የወደቀው እዚያው አገር ገዢ ላይ ነው ይላሉ። እኛ ጋ የሚደርሰው በጓሮ በር ነው።

እኔ የምሸጠው ላፕቶፕ አብዛኛው አዲስ አይደለም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ መሥሪያ ቤት ሦስት አራት ዓመት ሠርቶበት ያስወገደው ነው። ዱባይ ይመጣል፣ ይጸዳል፣ መርካቶ ይገባል፣ ከዚያ እኔ ጋ። አዲሱ ሲወደድ የዚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ምን ይላል? «አሮጌው አንድ ዓመት ይቆይልን።» የሱ አንድ ዓመት እኔ ጋ ባዶ መደርደሪያ ነው። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉ ሲያበቃ ደግሞ ብዙው መሥሪያ ቤት አሮጌውን የሚጥልበት ምክንያት አገኘ። አንዱ ወደዚያ ይጎትታል፣ አንዱ ወደዚህ።

ራሙንስ? የራሙ ጉዳይ ከቀረጥ ጋር አይደለም። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የናረው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን እየጠረጉ ስለወሰዱት ነው። ዋና አምራቾቹ ሦስት ናቸው፤ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን። ማይክሮን ለተራ ሸማች የሚሸጥበትን ክሩሻል የሚባል ብራንዱን እንደሚዘጋ ዲሴምበር ላይ ተናገረ። የተወደደውን ሁሉ ለቀረጥ የሚሰጥ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ። እኔንም ጨምሮ።

አሁን ወደ ራሳችን ኬላ። ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ካልኩሌተር ያለው ይከተለኝ።

አሜሪካ ቀረጥ የምታሰላው ከመርከብ ኪራዩ በፊት ባለው ዋጋ ነው። እኛ ጋ ኪራዩና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ነው። ስለዚህ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ መርከቦች ቀይ ባሕርን ሸሽተው አፍሪካን ሲዞሩና ኪራይ ሲወደድ፣ ለተወደደው ኪራይም ቀረጥ ከፍለናል። ወደብ ሲደርስ ዋጋው 100 ብር የሆነ ዕቃ እንውሰድ። የጉምሩክ ቀረጡ 10 በመቶ ነው እንበል፤ ለስሌት ያህል ነው፣ ኮዱ ነው የሚወስነው። 110 ሆነ። በሱ ላይ 15 በመቶ ቫት፤ 126.50። በዚህ ሁሉ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ፤ 139.15። ከዚያ በመጀመሪያዋ 100 ብር ላይ 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ፤ 142.15። ከአንዳንዱ የሚታለፍ ዕቃ አለ፤ ሁሉም የሚያርፍበት ግን እንዲህ ነው። 10 በመቶ ብለን ጀምረን 42 ደረስን። ኬላ ላይ ኬላ፤ ነጋድራሶቹ ቢያዩት ይቀኑ ነበር።

አትቸኩሉ፤ ዋናው ገና ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲተመን ተወሰነ። (ይህችን በኛ ዘመን ነው የጠራሁት፤ የኛ ጉዳይ ናት።) ያኔ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ወደብ ላይ 300 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ በ57 ሲመነዘር 17,100 ብር ነው። ቅድም ባሰላነው ሲባዛ 24,300 ገደማ ይሆናል። ዶላሩ 120 ነው ብለን ስናሰላው? 36,000። ከነቀረጡ 51,174። የቀረጡ መቶኛ ፍንክች አላለም፤ ዋጋው ግን 26,900 ብር ገደማ ጨመረ። አሁን መንግሥት ራርቶ የ10 በመቶውን የጉምሩክ ቀረጥ ጭራሽ አነሳው እንበል። 46,620 ይሆናል። የቀነሰው 4,554 ብር ነው።

ለአባታችን መልሴ እዚህ ላይ ነው። ለብቻው ቀረጥ አይደለም። ዶላሩ ነው የገፋው፤ የኛ ኬላዎች ደግሞ የገፋውን ሁሉ እያባዙ አሳለፉት። ትራምፕም አሉበት፤ በሩቁ።

ጥያቄ ካላችሁ።

ከመካከል አንድ ነጋዴ ተነስቶ «በመተማ በኩል ቢመጣስ?» አለ። በኮንትሮባንድ ማለቱ ነው፤ አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን የሚመለስ ጥያቄ ነው። ብራዚል በ1984 ሕግ አውጥታ የራሷን የኮምፒውተር ኢንዱስትሪ ለማሳደግ ገበያዋን ለ8 ዓመት ለውጭው ዘጋች። መሐንዲሶች አፍርታበታለች፤ አልክድም። ሱቅ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ግን ከውጭው በጣም ውድ ሆነ፤ ከፓራጓይ በኩል ኮንትሮባንዱ ጎረፈ። ቀረጡ ሲወፍር ጫካው መንገድ ይሆናል። አንተ ግን በሱ አትምጣ፤ በጨለማ የመጣ ላፕቶፕ ሲበላሽ ማንን ትከሳለህ?

አንዲት የኢንጂነሪንግ ተማሪ «ለምን እኛው አንገጥምም?» አለች። እየተገጠመ ነው፤ ቴክኖ ከ2011 ጀምሮ አዲስ አበባ ስልክ ይገጣጥማል። የሚያዋጣው ግን ክፍሉ ካለቀለት ዕቃ ያነሰ ቀረጥ ሲከፍል ነው። 1991ን አስታውሺ። ስክሪኑ ከላፕቶፑ በላይ የሚቀረጥበት አገር ውስጥ ካቻቪቴ የያዘ ሁሉ ሥራ ይፈታል። እኔ ጉልበት ቢኖረኝ የምከራከረው ለዚህች አንዲት ነገር ነው፤ ራም፣ ስክሪን፣ ባትሪና ኪቦርድ በዝቅተኛ ቀረጥ ይግቡ። አንድ ስክሪን የቀየርኩለት ላፕቶፕ አንድ ያልተገዛ ላፕቶፕ ነው፤ ያልወጣ ዶላር ነው።

መጨረሻ ላይ ከበሩ አጠገብ የቆመ ልጅ «ሰውየውስ? በድሮው ዋጋ ሰጠሃቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልሰጠኋቸውም። ብችል ደስ ባለኝ። 16 ጊጋ ራም ከነበረው ላይ አንዱን ባለ 8 ነቅዬ፣ መሀረቡ ውስጥ ባለው ብር ልክ አደረግሁላቸው። ክዳኑን ከፍቼ ባዶዋን የራም ቦታ አሳየኋቸው። ሲረክስ ይዘውልኝ ይምጡ፣ እጨምርላታለሁ አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ባዶዋን ቦታ አዩአትና «መቼ ነው የሚረክስ፣ ልጄ?» አሉኝ።